ከተሰበረው ባሌስትራ ባሻገር፦ የባለ ሁለት አክስል ተሳቢ እግር እንዴት ይታደሳል?

ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ፣ ስንዴና ብረት ጭኖ ወደ መሃል አገር የሚገባ፣ ከመተማ ደግሞ ሰሊጥ ጭኖ የሚወጣ ተሳቢ ክብደቱን ሁሉ የሚያሳርፈው በጥቂት የጎበጡ ብረቶች ላይ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ባሌስትራ ይባላሉ። ቃሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን በዚያው ቋንቋ የቀስት መወርወሪያም ስም ነው፤ ስያሜውም ጠባዩን ይገልጻል። ባሌስትራ እንደ ደጋን ሸክም ሲያርፍበት ይለጠጣል፤ ሸክሙ ሲነሣለት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል።

ከእነዚህ ብረቶች አንዱ ሲሰበር የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ የተሰበረውን አውጥቶ አዲስ መተካት ነው። ሁለት አክስል ጎን ለጎን በያዘ ተሳቢ ላይ ግን የተሰበረው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የጉዳቱ መጨረሻ እንጂ መነሻ አይደለም። ለስብራቱ ምክንያት የሆኑት ትናንሽ ዕቃዎች እንደ ተበሉ ከቀሩ አዲሱም ባሌስትራ የአሮጌውን መንገድ መከተሉ አይቀርም።

ሁለቱ አክስሎች ሸክም የሚካፈሉበት መንገድ

በተለመደው አሠራር በተሳቢው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ባሌስትራዎች በተከታታይ ይቀመጣሉ። የፊተኛው ባሌስትራ የፊት ጫፍና የኋለኛው ባሌስትራ የኋላ ጫፍ በሻንሲው ላይ በተበየዱ መያዣዎች ላይ ያርፋሉ። በመካከል የሚገናኙት ሁለቱ ጫፎቻቸው ግን በቀጥታ ከሻንሲው ጋር አይያያዙም፤ መሃሉ በወፍራም ፒን ተይዞ እንደ ሚዛን ከሚወዛወዝ አጭር የብረት ክንድ ጋር ይገናኛሉ።

የፊተኛው ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ባሌስትራው የክንዱን የፊት ጫፍ ወደ ላይ ይገፋል። የክንዱ የኋላ ጫፍ በዚያው ልክ ወደ ታች ወርዶ የኋለኛውን ባሌስትራ ይጫናል። በዚህም መንገድ ጉብታው በአንድ አክስል ላይ ሊያሳርፈው የነበረው ሸክም ለሁለቱ ይከፈላል።

ለምሳሌ 16 ቶን በሁለቱ አክስሎች ላይ ቢያርፍ የእያንዳንዱ አክስል ድርሻ 8 ቶን፣ የእያንዳንዱ ባሌስትራ ድርሻ ደግሞ 4 ቶን ይሆናል። መካከለኛው ክንድ በዝገት ተጣብቆ መወዛወዝ ካቆመ ግን ይህ ስሌት ይፈርሳል። ጎማው ጉብታ ላይ በወጣ ቁጥር አንዱ ባሌስትራ ከድርሻው እጅግ የበለጠ፣ አንዳንዴም ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሸክም ለብቻው ይሸከማል። ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ በማይሆንበት ጊዜ እንኳ ባሌስትራ የሚሰበርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ድካሙ የሚጀምርበት ቦታ

ባሌስትራው፣ ማንጠልጠያዎቹና መካከለኛው ክንድ የሚንቀሳቀሱት በፒኖች ዙሪያ ነው። በፒኑና ፒኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ መካከል ቦኮላ የሚባል ቀለበት ይገባል። ቦኮላው ከነሐስ፣ ከጎማ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ተግባሩ ፍትጊያውን በራሱ ላይ ተቀብሎ ውድ የሆኑትን ብረቶች ከመበላት ማዳን ነው። በሌላ አነጋገር እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው።

ቦኮላው ካለቀ በኋላ ተሳቢው መጓዙን ከቀጠለ ብረት ከብረት ጋር መፋተግ ይጀምራል። አቧራና ጭቃ እንደ ሞረድ ያግዙታል። ፒኑ ይቀጥናል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳም ይሞላለል። በዚህ ጊዜ አክስሉ በአንዱ ጎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የመንሸራተት ነፃነት ያገኛል። ሁለቱ አክስሎች ትይዩ መሆናቸው ይቀርና ጎማዎቹ ወደ ፊት እየተሽከረከሩ በተመሳሳይ ጊዜ ወደ ጎን ይጎተታሉ። ባለንብረቱ በጥቂት ወራት ውስጥ የተላጠ ጎማ ይዞ ጎሚስታ ዘንድ ይሄዳል፤ አዲስ ጎማም ይገዛል። በሽታው ግን ከጎማው ሳይሆን ጥቂት ሚሊሜትር ከሰፋው ቀዳዳ ነው።

ሳይፈታ የሚታዩ ምልክቶች

አንድ አሽከርካሪ ያለ ምንም መፍቻ፣ በዓይኑና በሜትር ብቻ ብዙ ነገር ሊያውቅ ይችላል። ተሳቢው ባዶውን ደልዳላ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በዚያ በኩል ያለው ባሌስትራ ደክሟል ወይም ተሰብሯል ማለት ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ ሲለካ ከተለያየ አንዱ አክስል ከቦታው ሸሽቷል። በፒኖችና በብሎኖች ራስ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት መታየቱ በውስጥ ፍትጊያ መኖሩን ያመለክታል። አክስሉ ባሌስትራው ላይ በሚቀመጥበት ቦታ የሚታይ አዲስ የሚያንጸባርቅ ብረት ደግሞ አቅፈው የያዙት ብሎኖች መላላታቸውን ይናገራል።

መካከለኛው ክንድ ሻንሲውን እየነካ ከሆነ፣ ወይም ባሌስትራውን በሠሩት ዝርግ ብረቶች ላይ ቀጭን መስመር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ተሳቢው ጭነት ሳይጨመርበት ወደ ጋራዥ መግባት ይኖርበታል።

የተሰበረው ብቻ ወይስ ጥንዱ?

ለዓመታት የሠራ ባሌስትራ ጉብታው ይቀንሳል። በአንዱ ጎን አዲስ፣ በሌላው ጎን አሮጌ ሲገጠም አዲሱ ከፍ ብሎና ጠንክሮ ይቆማል። ተሳቢው ወደ አሮጌው ጎን ያዘነብላል፤ በመንገድ ላይም ሁለቱ ጎኖች ለአንድ ዓይነት ጉብታ የተለያየ ምላሽ ይሰጣሉ። ስለዚህ ባሌስትራ ሲቀየር ቢያንስ በአንዱ አክስል ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ አብረው ሊቀየሩ ይገባል። የዝርግ ብረቶቹ ብዛት፣ ውፍረት፣ ስፋትና ርዝመትም ከቀድሞው ጋር መመሳሰል አለበት።

ቦኮላዎችንና ፒኖችን በተመለከተ ውሳኔው ቀላል ነው። የዕቃዎቹ ዋጋ ከባሌስትራው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ለመፍታትና ለመግጠም የሚወጣው ጉልበትና የሥራ ጊዜ ግን ያው ነው። እግሩ አንዴ ከተፈታ ያረጁትን መልሶ መግጠም ያንኑ ሥራ ከወራት በኋላ እንደገና መክፈል ይሆናል።

ሥራው በቅደም ተከተል

ሥራው የሚጀምረው በደኅንነት ነው። ተሳቢው ጭነቱን አራግፎ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ የማይነሡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዛሉ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ደግፎ ለማቆየት የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ሻንሲው ከተነሣ በኋላ ክብደቱን በሚችሉ የብረት ድጋፎች ላይ ማረፍ አለበት። በመንገድ ዳር የተለመደው የድንጋይ ካብ ሊሰነጠቅና ሊንሸራተት ስለሚችል ማንም ሰው በእርሱ በተደገፈ ተሳቢ ሥር ሊገባ አይገባም።

ድጋፉ የሚገባው ከሻንሲው ሥር ነው፤ ባሌስትራው ከሸክም ነፃ የሚሆነው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። አክስሉ ለብቻው በሌላ ክሪክ ይያዛል። ጎማዎቹ ከወጡ በኋላ አክስሉ በድንገት ወርዶ የፍሬን ቱቦውን እንዳይወጥረው ጥንቃቄ ይደረጋል። አራቱን ባሌስትራዎች በአንድ ጊዜ ከመፍታት ይልቅ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አክስሉን በቦታው ለማቆየት ይረዳል።

ቀጥሎ ባሌስትራውንና አክስሉን አቅፈው የያዙት ባለ ሁለት እግር ብሎኖች ይፈታሉ። እነዚህ ብሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ በመሆናቸው፣ አንዴ ከተፈቱ ከነዳዷቸው በአዲስ መተካት አለባቸው። ፒኖቹ ከወጡ በኋላ የመያዣዎቹና የክንዱ ቀዳዳዎች ይለካሉ። የሞላለለ ቀዳዳ ላይ አዲስ ቦኮላ ማስገባት ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መፍትሔ ነው፤ ክንዱ ወይም መያዣው መቀየር ይኖርበታል።

አዲሱ ባሌስትራ ሲገባ ዝርግ ብረቶቹን አንድ ላይ የያዘው የመሃል ብሎን ራስ አክስሉ ላይ በተዘጋጀለት ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መቀመጥ አለበት። አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ቦታውን የሚወስንለት ይህ ትንሽ ብሎን ነው። አቃፊዎቹ ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በየደረጃው ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። የመጨረሻው ጥብቀት አምራቹ ባወጣው ልክ፣ በመለኪያ መፍቻ ይረጋገጣል። ግራሶ የሚወስዱ ፒኖች ከሆኑ ግራሶው የሚሞላው ሻንሲው ተነሥቶ ሸክሙ ከፒኑ ላይ ሲቀል ነው፤ አለዚያ ግራሶው ፒኑ በተጫነበት ጎን በኩል ሊገባ አይችልም።

የብየዳና የመዶሻ መፍትሔዎች

የተሰበረ ባሌስትራን መበየድና የደከመውን በመዶሻ እየቀጠቀጡ እንደገና ማጉበጥ ወጪ ለመቆጠብ የሚዘወተሩ አሠራሮች ናቸው። የባሌስትራ ብረት የመለጠጥና የመመለስ ኃይሉን ያገኘው በፋብሪካ በተመጠነ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። የብየዳ ሙቀት ይህንን ጠባይ ያበላሸዋል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረትም ተሰባሪ ይሆናል።

ያረጀ ባሌስትራን ማረሻና ቢላ አድርገው የሚሠሩ ቀጥቃጮች ይህንን በተግባር ያውቁታል። ብረቱን በእሳት አግለው ቅርጹን ሲለውጡ ጠባዩም ይለወጣል፤ ለአዲስ ሥራ የሚያበቁትም እንደገና በማጠንከር ነው። በመዶሻ የጎበጠ ባሌስትራም ቁመቱን ለጊዜው ቢያገኝ በዓመታት ያጠራቀመው ድካም ግን ከውስጡ አይወጣም።

ከጋራዥ ከመውጣት በፊትና በኋላ

ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው አክስሎቹ ሲለኩ ነው። ተሳቢው ከጎታቹ ጋር ከሚያያዝበት ማዕከል ተነሥቶ እስከ ፊተኛው አክስል ግራና ቀኝ ጫፍ ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ቀጥሎ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው አክስል ያለው ርቀት በሁለቱም ጎኖች ይለካል። ይህ ልኬት የሚወስደው ጊዜ አጭር ቢሆንም የጎማዎቹን ዕድሜ የሚወስነው እርሱ ነው።

አዲስ የተገጠሙ ዕቃዎች ሸክም ሲያርፍባቸው ቦታ ቦታቸውን ስለሚይዙ ብሎኖቹ ጥቂት ይላላሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጭነትና ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ ጥብቀታቸው እንደገና መረጋገጥ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ሁለተኛው ማጥበቅ ነው፤ አዲስ ባሌስትራ መሃሉ ላይ የሚሰበረውም አቅፈው በያዙት ብሎኖች መላላት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ትርጉም የሚገባው እንደ ዓባይ በረሃ ባለ መንገድ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ይወጣል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፎ ማዕበል ይሠራል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ባሌስትራው የተሰበረ አክስል ከቦታው ሲሸሽ ጎማ ከሻንሲ ጋር ሊፋተግ፣ የፍሬን ቱቦም ሊበጠስ ይችላል። ከኋላው ያለው ጭነት ደግሞ የአሽከርካሪውን ብቻ ሳይሆን በመንገዱ የሚመጡትን ሁሉ ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

በመሆኑም የተሰበረ ባሌስትራ ይዞ ጋራዥ የገባ ባለንብረት መካኒኩን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «አዲሱ ስንት ብር ነው?» የሚለው ብቻ አይደለም። ቦኮላዎቹ፣ ፒኖቹና መካከለኛው ክንድ ተፈትሸው ባሌስትራው የተሰበረበት ምክንያት ሳይታወቅ አዲሱ ሊገጠም አይገባም።