በደረቅ ምድር ድንኳን ከመትከላችን በፊት

ከጅጅጋ በስተምሥራቅ፣ በሶማሌላንድ ድንበር አቅራቢያ የምትገኘው ሐርተሼክ በዓለም ዘንድ የታወቀችው በመጠለያ ጣቢያዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ሶማሊያ ጦርነቱ በተፋፋመ ጊዜ ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ የሸሹ ሰዎች በዚህ ሜዳ ሰፈሩ። የሰፋሪዎቹ ቁጥር ከ250,000 በላይ በደረሰበት ወቅት ጣቢያው ከዓለም የስደተኛ ጣቢያዎች ሁሉ ትልቁ ነበር፤ በ2004 ተዘጋ። ስደትን ከሽርሽር ጋር ማወዳደር እንደማይገባ እናውቃለን። ይሁንና በደረቅ ምድር የሚያድር ሰው ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሚገዛው በአንድ ስሌት ነው፤ እርሱም የውሃ ስሌት ነው።

በሐርተሼክ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ለስደተኞቹ ውሃ በቦቴ መኪና ከሩቅ ይመላለስ ነበር። ዛሬ በእርዳታ ሥራ የሚታወቀው ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ይህን በ250,000 ብናበዛው 3,750,000 ሊትር ይሆናል። አንድ ቦቴ 10,000 ሊትር ቢጭን በየቀኑ 375 ምልልስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ውሃ ርካሽ ነገር ቢመስልም ክብደቱ አይቀነስም፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ግራም ነው።

የአካባቢው ሰው ይህን ችግር የሚቋቋመው በቢርካ ነው። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ የሚለሰን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ይገኛል፤ ስለዚህ ጎርፉ ከሰፊ ሜዳ ተጠርጎ ሲገባ ጉድጓዱ በጥቂት ዝናብ ሊሞላ ይችላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ቢርካ ክፍት ቢተውና በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን፣ ማንም ሳይጠጣው 1,000 ሊትር ውሃ ወደ አየር ይሄዳል። ባለቤቶቹ አፉን በእሾህ ቅርንጫፍና በሣር የሚሸፍኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ይህን ስሌት ወደ ተማሪዎች ጉዞ እናምጣው። ከጅጅጋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ በስተደቡብ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ይገኛል። በ1970 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። 20 ተማሪዎች ከመጠለያው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አግኝተው፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ጠባቂ ጋር ለሦስት ቀናት በዚያ ሊሰፍሩ አስበዋል እንበል። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ብንመድብ 600 ሊትር ይሆናል። መኪና ቢበላሽ ብለን የአንድ ቀን መጠባበቂያ ስንጨምርበት 800 ሊትር ይደርሳል፤ ማለትም 20 ሊትር የሚይዙ 40 ጀሪካኖች። ክብደቱ 800 ኪሎ ግራም ስለሆነ የአንድን ፒክ አፕ ጭነት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ የመኪናውም ሆነ የሰው ብዛት የሚወሰነው በውሃው ነው እንጂ በድንኳኑ አይደለም።

«ውሃ ቢያልቅ ከቢርካ እንቀዳለን» የሚል ሐሳብ ከዕቅዱ ፈጽሞ መውጣት አለበት። በተለይ ጅላል በሚባለው ደረቅ ወቅት፣ መንገዱ ለመኪና በሚመችበት ጊዜ፣ በቢርካው የቀረው ውሃ የአንድ ቤተሰብና የከብቶቹ ሕይወት ነው። የአገሩ ሰው እንግዳን አክባሪ ስለሆነ ቢለምኑት ላይከለክል ይችላል፤ አለመለመን ግን የእንግዳው ፋንታ ነው።

ለመጠጥ የመደብነው ለምን በዛ የሚል ሰው ቢኖር መልሱ በላብ ውስጥ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎ ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ይህም ሰባት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚበቃው ጋር ይቀራረባል። በደረቅ አየር ላቡ ወዲያው ስለሚተን ልብስ አይረጥብም፤ ሰውየውም «አላላበኝም» ይላል። አስተማማኙ ምልክት የሽንት ቀለም መጥቆርና መጠኑ ማነስ ነው። ብዙ ያላበው ሰው ንጹሕ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨው ያለበት ምግብም መውሰድ አለበት።

የድንኳኑ ቦታ ሌላው ብርቱ ጉዳይ ነው። ደረቅ የወንዝ አልጋ ለስላሳ አሸዋ ስላለው ይማርካል፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ቦታ እርሱ ነው። በነሐሴ 2006 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ጎርፉ የመጣው ከሐረርጌ ደጋ ከጣለ ዝናብ ነበር። በሰፈርንበት ሰማይ ደመና አለመኖሩ ስለዚህ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ዝሆኖች ወደ ውሃ የሚወርዱበትም መንገድ እንዲሁ መራቅ አለበት፤ የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ጠባቂው ነው።

በመጨረሻም ብርድ ልብስ። በረሃ ሁልጊዜ ይሞቃል የሚለው እምነት ብዙ ተማሪ አንቀጥቅጧል። ደመናና እርጥበት የሌለበት ሰማይ ምድር በቀን የያዘችውን ሙቀት በሌሊት ወደ ላይ ስለሚለቅ፣ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ረባዳው ስለሚወርድ፣ ከዝቅተኛው ቦታ ጥቂት ከፍ ብሎ መስፈር ከጎርፍም ከብርድም ያድናል።