የፀጉር ሕይወት ከቆዳ ሥር ነው

ማበጠሪያ ላይ የቀረ ዘለላ ፀጉር አንስታችሁ ወደ ብርሃን አስጠጉት። አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለች ፀጉሩ ዕድሜውን ጨርሶ ከነሥሩ የረገፈ ነው፤ በቦታው ሌላ ይበቅላል። እብጠቷ ከሌለች ግን ተበጥሷል ማለት ነው። ድርቀት፣ የፒያስትራ ሙቀት ወይም ኬሚካል ጎድቶታል።

ከቆዳ በላይ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም። ነርቭም ደምም ስለሌለው ሲቆረጥ አያመንም። ሕያው የሆነው ክፍል ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ ከረጢት ውስጥ ነው። በከረጢቷ ግርጌ፣ በደቃቅ የደም ሥሮች የሚመገቡ ሴሎች በፍጥነት ይባዛሉ። አዲሶቹ የቀደሙትን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ የተገፉት ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ተሞልተው ይደርቃሉ፣ ይሞታሉ። ቀለም የሚሰጣቸውን ሜላኒን የሚያቀብሉ ሴሎችም እዚያው አሉ፤ እነሱ ሲያልቁ ሽበት ይመጣል። ከከረጢቷ ጎን ወዝ የምታመነጭ ዕጢ አለች።

ፀጉሩ ሉጫ ወይም ከርዳዳ የሚሆነው በከረጢቷ ቅርጽ ነው። ቀጥ ካለች ፀጉሩ ይዘረጋል፤ ከጎበጠች ይጠቀለላል። በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ወዙ እስከ ጫፍ ለመድረስ ስለሚቸገር ፀጉሩ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበጠሳል። እናቶቻችን ቅቤ መቀባታቸው ስለዚህ ትክክል ነበር፤ ቅባት ዘለላውን ያለሰልሳል፣ እርጥበቱንም ያቆያል። ፎረፎር ያለበት ራስ ላይ ግን ቅባት ማብዛት ሊያባብሰው ይችላል፤ ከፎረፎር ጋር የተያያዘው ፈንገስ ምግቡ ቅባት ነውና።

ራሳችን ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት፣ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማደጉን ያቆማል፣ 3 ወር ያህል አርፎ ይረግፋል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ ጤናማ ነው። ቅንድብ አጭር ሆኖ የሚቀረውም የማደጊያ ጊዜው የጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ ነው።

ይህን ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለወላድ እናቶች ይመስለኛል። በእርግዝና ወራት ሆርሞን ብዙውን ፀጉር በማደግ ላይ ያቆየዋል። ከወሊድ በኋላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ የዘገየው ሁሉ አንድ ላይ ይረግፋል። የሰው ዓይን ነው ብላ የምትሰጋ እናት አትጠፋም። ከረጢቶቹ ግን ጤነኞች ናቸው፤ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይመለሳል።

ሕፃንን መላጨት ፀጉሩን ያወፍረዋል የሚባለውም እውነት አይደለም። ምላጭ ከረጢቷ ጋ አይደርስም፤ አዲስ የተቆረጠ ጫፍ ዱልዱም ስለሆነ ብቻ ለእጅ ይሻክራል።

የማይመለሰው ጉዳት ከረጢቷ ራሷ ስትጎዳ የሚመጣው ነው። ሹሩባ ውብ ነው፣ ፀጉርንም ከመበጠስ ሊጠብቅ ይችላል። ነገር ግን የግንባር ቆዳ እስኪወጠር ከተጎነጎነ፣ ከባድ አርቴፊሻል ፀጉርም ከተቀጠለበት፣ ከረጢቷ ቀን ከሌት ትሳባለች። በመጀመሪያ በፀጉሩ ሥር ትናንሽ ሽፍታዎች ይወጣሉ፤ ቆይቶ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉሩ ይሳሳል። በጊዜ ከላላ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቷ በጠባሳ ትተካለች፤ ያኔ ቅቤም ሆነ ውድ ቅባት አያበቅለውም።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ሹሩባ ስታሠሩ «እንዲቆይልን አጥብቂው» አትበሉ። ልጅቷ አመመኝ ካለች ሠሪዋን ይሉኝታ ሳይዛችሁ «አላልተሽ ሥሪያት» በሏት። ማታ እንቅልፍ የሚነሳ ሹሩባ በዚያው ማታ ይፈታ።