ማታንዛስ ስትቆም ኩባ ስለምን ጨለመች?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2024፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ በኩባ ሰሜናዊ ጠረፍ በማታንዛስ የባሕር ወሽመጥ ዳር የሚገኘው የአንቶኒዮ ጊቴራስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በድንገት ከመሥመር ወጣ። ብዙም ሳይቆይ 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ደሴት በሙሉ ያለ መብራት ቀረች። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በየቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረው ምግብ መበላሸት ጀመረ። አንድ ማመንጫ ሲቆም በአቅራቢያው ያሉ ከተሞች ብቻ ቢጨልሙ ነገሩ በገባን ነበር። አገር በሙሉ የሚጨልመው ግን ስለምንድን ነው? ጥያቄው የፊዚክስ ነውና አብረን እንመርምረው።

ማመንጫው ሥራ የጀመረው በ1988 ሲሆን፣ በአንድ ቦይለርና በአንድ ተርባይን 330 ሜጋዋት እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ፣ በአገሪቱ ካሉት ነጠላ አሃዶች ትልቁ ነው። ስሙን ያገኘው በ1934 መጀመሪያ ላይ ሚኒስትር ሳለ በአሜሪካውያን ባለቤትነት ይዞታ ሥር የነበረውን የኤሌክትሪክ ኩባንያ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ካዋለውና በ1935 እዚያው ማታንዛስ ውስጥ ከተገደለው ፖለቲከኛ ነው። (በኩባ የተማሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ስም ሳይሰሙ የቀሩ አይመስለንም።)

የማመንጫው መከራ የሚጀምረው ከነዳጁ ነው። የሚያነደው በአመዛኙ ከኩባ ምድር የሚወጣውን ድፍድፍ ዘይት ሲሆን፣ ይህ ዘይት እጅግ ወፍራም በመሆኑ ሳይሞቅ በቧንቧ አይፈስም፤ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆነውም ድኝ ነው። ድኙ ሲነድ ከሚፈጠሩት ጋዞች ከፊሉ ከውኃ ትነት ጋር ተዋሕዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆንና ቀዝቀዝ ባሉት የጭስ መውጫ ክፍሎች ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። በሞቃቱ በኩል ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ያለው ቫናዲየም አለ። የቫናዲየም ኦክሳይድ በ690 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ከሶዲየም ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት፣ ይቀልጥና የእንፋሎት ቧንቧዎቹን መከላከያ ሽፋን ይበላል። አንዲት ቧንቧ ስትቀደድ ቦይለሩ መቆም አለበት፤ ቦይለሩ አንድ ብቻ ነውና ማመንጫው በሙሉ ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የኩባ መረብ የሚሠራው በ60 ሄርዝ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ዋልታ ያላቸው ጀነሬተሮች ሁሉ በደቂቃ 3,600 ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀድምና ሳይዘገይ፣ ይሽከረከራሉ። በመረቡ ላይ የተከማቸ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው መጠባበቂያ የእነዚህ ከባድ የብረት አካላት ካይኔቲክ ኢነርጂ ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል 2,000 ሜጋዋት ከሚሸከም መረብ ላይ 250 ሜጋዋት የሚሰጥ ማመንጫ ወጣ እንበል። በቀሩት ማሽኖች ውስጥ የተከማቸው ኢነርጂ ሙሉ ኃይላቸውን ለ4 ሰከንድ ብቻ የሚያስገኝ ቢሆን፣ መጠኑ 7,000 ሜጋጁል ነው። ጉድለቱ ከዚህ ሲቀነስ ድግግሞሹ በየሰከንዱ በ1 ሄርዝ ያህል ይወርዳል። በ3 ሰከንድ 57 ሄርዝ ደረስን ማለት ነው! በዚህ ፍጥነት ማሽኖች ራሳቸውን ከጉዳት ለማዳን ከመረቡ ይላቀቃሉ፤ የአንዱ መውጣት የሌላውን ጉድለት ያባብሳል። ለዚህ መድኃኒቱ የተወሰኑ ሰፈሮችን በአውቶማቲክ መሣሪያ ወዲያው መቁረጥና ተጠባባቂ ማመንጫ ማዘጋጀት ነው። ኩባ ግን በነዳጅ እጥረት የተነሣ ተጠባባቂ አልነበራትም።

መልሶ ማስነሣቱም ቀላል አይደለም። ቦይለር ለመለኮስ የውኃና የነዳጅ ፓምፖች፣ የአየር ማራገቢያዎችም ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ሥራው ከትናንሽ ጀነሬተሮችና ከጋዝ ተርባይኖች ይጀምራል። በቫራዴሮና በቦካ ደ ሃሩኮ ያሉት የጋዝ ማመንጫዎች ከዘይት ጉድጓዶች አብሮ የሚወጣውን፣ ቀድሞ በከንቱ ይቃጠል የነበረውን ጋዝ ድኙን አጣርተው ይጠቀማሉ፤ የጋዝ ተርባይን ደግሞ እንደ ቦይለር ለሰዓታት መሞቅ አያሻውም። በእነዚህ ዙሪያ ትናንሽ መረቦች ይዘረጋሉ፤ ከዚያም ወደ ትልቁ ማመንጫ ኃይል ይላካል። በዚያ ሳምንት እነዚህ ደካማ መረቦች ከአንድ ጊዜ በላይ ፈርሰዋል። በኦክቶበር 20 ኦስካር የተባለው አውሎ ነፋስ ምሥራቁን ክፍል ሲመታ ጭራሹን ሥራው ከበደ።

ጊቴራስ በዲሴምበር 4 ቀን 2024 እንደገና ሲወጣ መረቡ ዳግመኛ ወደቀ፤ በሴፕቴምበር 10 ቀን 2025ም እንዲሁ። በ2025 በርካታ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለዋል። ቀን ቀን ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ይሁን እንጂ የሚሽከረከር አካል ስለሌላቸው፣ ባትሪና ተስማሚ መቆጣጠሪያ ካልታከለላቸው በስተቀር፣ ከላይ ባሰላነው 7,000 ሜጋጁል ላይ የሚጨምሩት የለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ምድጃው ሁሉ በሚለኮስበት ሰዓት፣ ሸክሙ ተመልሶ በእነዚያው አሮጌ ቦይለሮች ላይ ያርፋል።