ስለ ቆቅ አዳኝ ውሻ አገራር

በምኒልክ አደባባይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ሐውልት ያያል። በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ፥ ጠላት ነቅሎት ከነበረበት ዘመን በቀር፥ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ጌታውን እንደ ተሸከመ አለ። እስከ ወረራው ድረስ ታላቁ የአራዳ ገበያ በዚሁ አካባቢ ይቆም ነበር። በቅሎ ገዢም ከመልኳ አስቀድሞ አካሄዷን ይመረምር ነበር፤ የሰጋር በቅሎ ዋጋ የሚበልጠው ገሪው ስለ ደከመባት ነውና። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይኸው የመግራት ጥበብ በሌሎች አገሮች ለቆቅ አዳኝ ቡችላ እንዴት እንደ ዋለ፥ ለእኛም ምን እንደሚጠቅም ነው።

በአገራችን ወይፈንና በቅሎ ይገራሉ፤ ውሻ ግን ለዘበኝነት ስለሚፈለግ ይታሰራል እንጂ እምብዛም አይገራም። ለአደን ሲወጣም የሚያውቃት ቃል አንዲት ናት፤ እርስዋም «ያዝ!» ናት። ቆቅ ከእርሻ ዳር ስትለቅም ውሻው ይሮጥባታል፤ እርስዋም ብዙ ጊዜ ከመብረር ይልቅ በእግሯ ማምለጥን ትመርጣለች፤ ግድ ሲሆንባት ተነሥታ ወደ ገደል ትወርዳለች። ውሻው ቀድሞ ቢደርስባት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደውን፥ ውሻ የዘነጠለውን ሥጋ ክርስቲያን አይበላም። በእስልምና ሕግ ግን የሠለጠነ ውሻ የአላህ ስም ተጠርቶ ተልኮ የያዘው፥ ራሱ ካልበላለት፥ የተፈቀደ ነው። እንግዲህ የውሻ ሥልጠና በዚያ በኩል የሃይማኖት ሕግ ጉዳይ ጭምር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት ዘሮች ፖይንተር፥ ሴተርና የጣልያኑ ብራኮ ይገኙባቸዋል። እነዚህ የወፏን ሽታ በነፋስ ሲያገኙ ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ እግራቸውን አንሥተው ይቆማሉ። መቆማቸው በዘር የመጣ ነው፤ አዳኙ እስኪደርስ ቆመው መቆየታቸው ግን የአሠልጣኙ ድካም ነው። በገንዘብ የሚያሠለጥን ባለሙያ ቡችላውን የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ነው፤ ክፍያውም በወር ይታሰባል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የባለቤቱ ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ቡችላ ከሰው ጋራ የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን ገልጸዋል። በዚህ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካው ቡችላ ኋላ ብዙ ብር ቢወጣለትም ጉድለቱ በቀላሉ አይሞላም።

የአሠልጣኙ ዋና ትምህርት «ቁም!» ነው፤ ይኸውም የእኛ «ያዝ!» ተቃራኒ ነው። አሠልጣኙ እርግብ በሣር ውስጥ ሸሽጎ ቡችላውን በረጅም ገመድ ይዞ ያቀርበዋል። ቡችላው ቆሞ ከጠበቀ ይመሰገናል፤ አንድ እርምጃ ቢዘል እርግቧ ትለቀቅና ትበርራለች። ይህ ሲደጋገም መሮጥ ወፏን እንደሚያሳጣው ከራሷ ከወፏ ይማራል፤ ዱላም አያስፈልግም። ጠመንጃውም በቅርብ በድንገት አይተኮስም። ቡችላው በሥራ ወይም በምግብ ልቡ ተይዞ ሳለ ከሩቅ ይጀመርና ቀስ በቀስ ይቀርባል፤ ተኩስ የሚፈራ ውሻ ብዙ ጊዜ የጌታው ችኮላ ፍሬ ነው። ከዚህ በኋላ ከአሮጌ ውሻ ጋራ አብሮ ይወጣል፤ አሮጌው ሲቆም እርሱም ሽታው ባይደርሰው እንኳ እንዲቆም ይለምዳል። ገበሬ ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋራ እንደሚጠምደው ያለ ነገር ነው።

መጨረሻ የሚመጣው የወደቀችውን ወፍ በለስላሳ አፍ ሳይነክሱ አንሥቶ ማምጣት ነው። ለፈረንጅ ይህ ሥጋው እንዳይበላሽ ነው፤ ለእኛ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ የቆሰለችው ቆቅ በሕይወት ከመጣች በሥርዓት ትታረዳለችና።

ባለቤቱም መማር አለበት። በእንግሊዝኛ «ዎ» ሲባል መቆም የለመደ ውሻ አዲስ አበባ መጥቶ «ቁም» ቢሉት አይሰማም፤ ጥፋቱም የውሻው አይደለም።

አንድ ነገር ግን የትኛውም አሠልጣኝ አያስተምረውም፤ ውሻ ቆቅን ከቆቅ አይለይም። ሃርዉድ የምትባለው ቆቅ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር፥ በዓባይና እንደ ጀማ ባሉ ገባሮቹ ሸለቆዎች ካልሆነ፥ አትገኝም። ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ገደማ የአደን ደንብ አውጥተው ነበር፤ ዛሬም ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ስለዚህ የወፉን ዓይነት ለይቶ ማወቅ የባለ ጠመንጃው ዕዳ ነው።

ውሻ ይዞ ደጋ የሚወጣ ሰው ሌላም ዕዳ አለበት። በ1996 ዓ.ም. ከሰው ውሾች የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን እጅ ያህል ፈጅቷል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው፥ ገና ገመድ ሳይታሰርለት፥ የሚወጋው ክትባት ለዚህ ነው።