ሺህ ጨዋታ ተጫውቶ አለማደግ፦ ስለ ኢንተርኔት ቼዝ ተጫዋች አጨዋወትና መሻሻል

በግቢያችን ቼዝ የሚጫወት ሰው ማግኘት ድሮም አስቸጋሪ አልነበረም። አሁን ግን ሰሌዳው ሞባይል ውስጥ ገብቷል። በካፌ ሰልፍ ላይ፣ በላይብረሪ ጥግ፣ አንዳንዴም (መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉንና) በክላስ መካከል ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ስክሪን የሚነካካ ተማሪ ካያችሁ ፌስቡክ ላይ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ምናልባት ንግሥቱ ልትበላበት ሁለት ሴኮንድ ብቻ የቀረው ልጅ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ተጫዋቾች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት "ስንት ነህ?" ብለው ነው። ዕድሜ አይደለም፣ ሬቲንግ ነው። አብሮኝ ዶርም የሚኖር የምህንድስና ተማሪ ሁለት ዓመት ሙሉ በሺህ የሚቆጠር ጨዋታ ተጫውቶ ቁጥሩ ከ1400 አካባቢ ንቅንቅ አልል ብሎታል። ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ተመልሶ እዚያው ነው። በቅርቡ "የኔ ጭንቅላት እስከዚህ ድረስ ነው ማለት ነው" ሲል ሰማሁት። ቀልዱን አልነበረም። በሌላ ትምህርቱም ላይ እንዲሁ ማሰብ ጀምሯል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት አባባሉ ስላልተዋጠልኝ ነው፤ እሱም ጨዋታዎቹን እንዳይና ስሙን ሳልጠቅስ እንድጽፍባቸው ፈቅዶልኛል።

እንግዲህ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። የሬቲንግን ስሌት የቀየሱት አርፓድ ኢሎ የተባሉ በሃንጋሪ የተወለዱ አሜሪካዊ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ናቸው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እኩል ሬቲንግ ያላቸው ሁለት ሰዎች መቶ ጊዜ ቢገናኙ ነጥቡን ሃምሳ ሃምሳ ይካፈላሉ ተብሎ ይጠበቃል። አንዱ በ200 የሚበልጥ ከሆነ ከመቶው 76 ያህሉን፣ በ400 የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ 91 ያህሉን ይወስዳል ተብሎ ይገመታል። ከተጠበቀብህ በላይ ካመጣህ ይጨመርልሃል፣ ካነስክ ይቀነስብሃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሊቼስ በተባለው ነፃ የቼዝ መጫወቻ ላይ የሚሠራበት ግሊኮ የተባለው ዘመዱ ነው። ማርክ ግሊክማን የተባሉ የስታትስቲክስ ባለሙያ ያወጡት ሲሆን ከቁጥሩ ጎን "በዚህ ቁጥር ላይ ምን ያህል እርግጠኞች ነን?" የሚል መለኪያ ይጨምራል። አዲስ ገቢ 1500 ላይ ይጀምርና የጥያቄ ምልክት ይደረግበታል፤ ጨዋታው ሲበዛ ምልክቱ ይነሳል። ቼስ ዶት ኮም ላይ ያለ 1500 እና ሊቼስ ላይ ያለ 1500 ደግሞ አንድ አይደሉም፣ ምክንያቱም የሚጫወቱት ሰዎች ይለያያሉ። ስለዚህ "እኔ እበልጥሃለሁ" እየተባባሉ የሚጨቃጨቁት ሁለት ልጆች አንዱ በኪሎ ሌላው በፈረሱላ ተመዝነው ነው የሚከራከሩት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጓደኛዬ ጉዳይ ወሳኝ ነው። ሬቲንግ የጭንቅላት መለኪያ አይደለም። በዚያ የሰዓት ገደብ፣ በእነዚያ ተጋጣሚዎች ላይ፣ በዚህ ሰሞን ያመጣኸውን ውጤት ነው የሚለካው። ቁጥሩ ቆመ ማለት የምትሠራው ነገር ሳይቀየር ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል እንጂ አትችልም ማለት አይደለም።

ታዲያ የሚሠራው ምን ነበር? የተሸነፈባቸውን ሃያ ጨዋታዎች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም የሦስት ደቂቃ ወይም የአንድ ደቂቃ ናቸው። የሦስት ደቂቃው ብሊትዝ፣ የአንድ ደቂቃው ቡሌት ይባላል፤ ጥይት እንደማለት ነው፣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ነጭ ሲሆን ወታደሩን ሁለት ቤት ይገፋና ወዲያው ንግሥቱን ወደ ጥቁሩ ንጉሥ በኩል ይልካታል። ተጋጣሚው ካላወቀ በአራተኛው እርምጃ ቼክሜት ነው። ካወቀ ግን ፈረሶቹንና ወታደሮቹን እያወጣ ንግሥቲቱን ያባርራታል፤ ጓደኛዬ እሷን ሲያሸሽ ሌሎቹ ጠጠሮቹ ከቤታቸው ሳይወጡ ይቀራሉ። ከግማሽ በሚበልጡት ሽንፈቶች ላይ ያየሁት ሌላው ነገር ደግሞ አንድ ጠጠር ያለ ጠባቂ ተትቶ በነፃ መበላቱ ነው። አንዳንዶቹ ላይ እየበለጠ ሳለ ሰዓቱ አልቆበታል።

"ስታይልህ ምንድን ነው?" ስለው "አጥቂ ነኝ" ነው ያለኝ። እኔ በበኩሌ በዚህ ደረጃ ላይ ስታይል የሚለው ቃል ለልማድ የወጣ የክት ስም ይመስለኛል። ሁልጊዜ የሚያጠቃ ሰው አጥቂ የሚባለው መከላከልም ጠጠር መለዋወጥም እየቻለ ማጥቃትን ሲመርጥ ነው። ሌላውን የማያውቅ ከሆነ መቼ መረጠና!

ጓደኛዬ አርአያዬ የሚለው ሂካሩ ናካሙራን ነው። ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በፍጥነት ቼዝ መጫወትን እንደ እሱ ያሳወቀ ሰው ጥቂት ነው። ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1987 ጃፓን ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ገና ወጣት ሳለ በኢንተርኔት ቼዝ ክለብ ላይ ስሞልቪል በሚል ስም በፍጥነቱ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቡሌት ቼዝ ከሌላ ጸሐፊ ጋር መጽሐፍ አወጣ። በኮሮና ጊዜ፣ በ2020፣ እየተጫወተ በቀጥታ የሚያሰራጨውን ቼዝ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ይመለከቱት ጀመር። ያንን የንግሥት አወጣጥም ቢሆን ተጫውቶታል፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ2005 በሲገማን ውድድር ላይ፣ ከሕንዳዊው ሳሲኪራን ጋር፣ በረጅም ሰዓት። ጓደኛዬ ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርብልኛል። ያላየው ነገር ቢኖር ናካሙራ ያንን ጨዋታ መሸነፉን ነው።

በ2021 ደግሞ ናካሙራና ማግኑስ ካርልሰን በሁለተኛው እርምጃ ሁለቱም ንጉሣቸውን ወደፊት አውጥተው፣ እየሳቁ እያመላለሱ አቻ ወጥተዋል። ብዙ ሰው ያየው ይህንን ነው። ሁለቱም ወደሚቀጥለው ዙር አልፈው ስለነበር ጨዋታው ምንም የማይለውጥ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም።

ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ሌላ ነው። የእንጀራ አባቱ ሱኒል ዊራማንትሪ የታወቁ የቼዝ አሠልጣኝ ናቸው። ልጁ ያደገው በውድድር አዳራሽ፣ ሰዓታት በሚፈጅ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ15 ዓመቱ፣ ግራንድማስተር ሲሆን የቦቢ ፊሸርን የአሜሪካ የዕድሜ ሪከርድ ሰብሮ ነበር። የአሜሪካ ሻምፒዮንነትን አምስት ጊዜ ወስዷል። ብዙዎች "አሁንማ የኢንተርኔት ሰው ሆኗል" ባሉበት በ2022 ወደ ረጅሙ ጨዋታ ተመልሶ የበርሊኑን ግራንድ ፕሪ አሸነፈና ማድሪድ በተካሄደው የዕጩዎች ውድድር ላይ ተሰለፈ። የመጨረሻው ዕለት ከዲንግ ሊረን ጋር አቻ ቢወጣ ሁለተኛ ይሆን ነበር፤ ተሸነፈ፣ አራተኛ ሆነ። ካርልሰን ዘውዱን አልከላከልም ስላለ ሁለተኛ የወጣው ዲንግ በ2023 ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጫውቶ አሸነፈ። ምን ለማለት ነው፣ ያ ሁሉ ፍጥነት የተሠራው በዝግታ ነው። ጓደኛዬ የቀዳው ጣሪያውን ነው፤ መሠረቱና ግድግዳው አልታየውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፈጣን ጨዋታን ኢንተርኔት አላመጣብንም። የኛው ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለውም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች የፈለጉትን ያህል በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ቡሌት ተጫዋቹ እንግዲህ ከወረራ ሳይወጣ የሚያመሽ ሰው ነው።

ፈጥኖ ብቻ መጫወት ለምን አያሳድግም? እ.ኤ.አ. በ1973 ዊሊያም ቼይስ እና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ፈተና አቅርበው ነበር። ሰሌዳ ላይ ጠጠሮች ተደርድረው ለጥቂት ሴኮንድ ይታያሉ፣ ከዚያ ይሸፈናሉ፤ ተጫዋቹ ያየውን መልሶ እንዲደረድር ይጠየቃል። ድርድሩ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሲሆን ጎበዙ ተጫዋች ጀማሪውን በእጅጉ በለጠው። ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው ጠፋ ማለት ይቻላል። ጎበዙ የተለየ የማስታወስ ችሎታ የለውም ማለት ነው። ያለው ነገር ከብዙ ጨዋታ ያጠራቀመው የቅርጽ ስንቅ ነው፤ ይህ ፈረስ፣ ይህ ወታደር፣ ይህ የተጋለጠ ንጉሥ አንድ ላይ ሆነው እንደ አንድ ቃል ይነበቡለታል። እኛ "ጋዜጠኝነት" የሚለውን ፊደል በፊደል እንደማንቆጥረው ማለት ነው።

ቡሌት ስትጫወት ይህን ስንቅ ትመነዝራለህ እንጂ አትጨምርበትም። ለማየት ጊዜ የለማ! ስህተቱን ትሠራለህ፣ ትሸነፋለህ፣ "አዲስ ጨዋታ" የሚለውን ትነካለህ። ስህተቱ ሳይታወቅ ነገም ይደገማል፣ ሲደጋገም ልማድ ይሆናል፣ ልማዱን ደግሞ ስታይል እንለዋለን።

ከጓደኛዬ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። በቀን አንድ የአሥራ አምስት ደቂቃ ጨዋታ፣ በየእርምጃው አሥር ሴኮንድ እየተጨመረ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ እሱ አሁን ያደረገው ምን ሊበላብኝ ነው? ቀላል ይመስላል፤ እነዚያ በነፃ የተበሉ ጠጠሮች ግን በአብዛኛው በዚህ ጥያቄ ይድኑ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ወዲያው ኮምፒዩተሩን መጠየቅ የለም። መጀመሪያ ራሱ "እዚህ ጋ ነው የተበላሸው" ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ስቶክፊሽን ይከፍታል። ስቶክፊሽ በነፃ የሚገኝ፣ የትኛውንም የዓለም ሻምፒዮን የሚያሸንፍ ፕሮግራም ነው። መልሱን ቀድሞ ያሳየህ እንደሆነ ግን "አሃ" ትልና ትረሳዋለህ፤ የሒሳብ መልስ ከመጽሐፍ ጀርባ እንደማየት ነው። ኔይል ቻርነስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የተጫዋቾችን ሬቲንግ ከሁሉም በላይ የሚተነብየው ብቻን ተቀምጦ የተጠናበት ሰዓት መሆኑን አግኝተዋል፤ የውድድር ብዛት እንኳ የዚያን ያህል አልሆነም።

ስለ አከፋፈት ብዙ አልጽፍም። ጠጠሮችህን አውጣ፣ መሐሉን ያዝ፣ ንጉሥህን ደብቅ፤ ለእኛ ደረጃ ይበቃል። የቪዲዮው ሁሉ ርዕስ "በአምስት እርምጃ የምታሸንፍበት ወጥመድ" የሆነው ወጥመድ ስለሚሸጥ ነው።

የማይሸጠው ማለቂያው ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ነጭ ንጉሥና አንድ ወታደር አለው፣ ጥቁር ንጉሥ ብቻ። ጓደኛዬ ይህ ሲገጥመው ወታደሩን እየገፋ ንጉሡን ከኋላ ያስከትላል፤ ጥቁሩ ንጉሥ ፊት ለፊት ይቆምና አቻ ይሆናል። ትክክለኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ ንጉሡ ከወታደሩ ፊት መቅደም አለበት። ነጭ ወታደር ኢ5 ላይ፣ ነጭ ንጉሥ ኢ6 ላይ፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ ቢሆኑ ተራው የማንም ይሁን የማን ነጭ ያሸንፋል። ጥቁር ወደ ዲ8 ቢሄድ ነጭ ንጉሥ ወደ ኤፍ7 ይገባና የወታደሩን መንገድ ይጠብቃል፤ ወደ ኤፍ8 ቢሄድ ደግሞ በዲ7 በኩል። ተራው የነጭ ከሆነ ወደ ዲ6 ወይም ወደ ኤፍ6 ይወጣል፤ ጥቁር ወደ እሱ ቢዞር ወታደሩን አንድ ቤት ይገፋል። በዳር ባሉት ሁለት መደዳዎች ላይ ብቻ ይህ አይሠራም፤ ንጉሥ ወደ ጎን የሚወጣበት ቦታ ስለሌለ ጥቁር ጥግ ላይ ይሸሸጋል።

ይህንን ለመለማመድ ኔትወርክ አያስፈልግም። መብራት በጠፋ ምሽት ከሰሌዳው ላይ ሦስት ጠጠር ብቻ አስቀርተን ነጭና ጥቁር እየተቀያየርን ሞክረነዋል። በሻማም ይሠራል።