ካርቱምና ሱዳናዊነት፦ ተረቱና እውነታው

“ሱዳን የዓረብ አገር ናት” ሲባል እኛ ዘንድ የሚከራከር ጥቂት ነው። እርግጥ አገሪቱ በ1956 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ነጻ በወጣችበት ወር የዓረብ ሊግ አባል ሆናለች። ነገር ግን በ1920ዎቹ ካርቱም ውስጥ የሱዳንን ሕዝብ መብት ካነሱት ግንባር ቀደሙ ዓሊ ዓብዱል ለጢፍ፣ አባቱ ኑባ፣ እናቱ ዲንካ ነበሩ። መኮንኑ ዓሊ በ1924 የነጭ ባንዲራ ማኅበርን መርቶ እንግሊዞችን ተቃወመ፤ ታሰረ፤ የአገሩን ነጻነት ሳያይ በ1948 ግብፅ ውስጥ አረፈ። ማኅበሩ ከግብፅ ጋር አንድነት ይሻ ነበር። የዘመኑ ባላባቶች ግን ዓሊን የናቁት ትውልዱን ጭምር እያነሱ ነው።

“ደቡብ ቢገነጠል ሰሜኑ አንድ ወጥ ይሆናል” የሚለውንም ብዙዎች አምነውበታል። ቼኮዝሎቫኪያ በ1993 ያለ ደም ተከፍላለችና ተስፋው ከንቱ አይመስልም ነበር። የያኔው ፕሬዚዳንት ዑመር አልበሽር በታኅሣሥ 2010 ገዳሪፍ ላይ ደቡብ ከሄደ የብዝኃነት ወሬ እንደሚያበቃ ተናገሩ። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻ ወጣች። በሰሜኑ የቀረው የደቡብ ኮርዶፋን ጦርነት ግን ከአንድ ወር በፊት ፈንድቶ ነበር፤ በመስከረም ብሉ ናይል ተከተለ። ካርቱም ተወልደው ያደጉ የደቡብ ልጆችም በሕግ ማሻሻያ ዜግነታቸውን አጡ። ይህን ግፍ ማቅለል አይገባም።

“አልበሽርን የጣለው አመጽ የዓረብ ጸደይ ቅጂ ነው” የሚሉም አሉ። ካርቱም ግን ወታደራዊ ገዢዎቹን ጄኔራል ዓቡድን በ1964፣ ኒሜሪን በሚያዝያ 1985 በአደባባይ ተቃውሞ አውርዳለች። በታኅሣሥ 2018 ሕዝብ ዳግም ሲነሣ ባለሥልጣናቱ ከምዕራቡ ክልል ከዳርፉር የመጡ ተማሪዎችን በሤራ ከሰሱ። የካርቱም ወጣቶች መልስ የሚያኮራ ነበር፦ ዘረኝነቱን በገዢው ላይ መልሰው፣ አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው እያሉ ጮኹ። አልበሽር ሚያዝያ 11 ቀን 2019 ወረዱ። ኢትዮጵያና የአፍሪካ ኅብረት አሸማግለው በነሐሴ የተፈረመው የሽግግር ሰነድም መብትና ግዴታን በዘር ወይም በሃይማኖት ሳይሆን በዜግነት ላይ አቆመ።

የጥቅምት 2021 መፈንቅለ መንግሥት ያንን አፈረሰ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ “ሱዳናውያን ድሮም አንድ አልነበሩም” ተባለ። ጦርነቱ የጀመረው ግን በጄኔራል ቡርሃንና በሄሜቲ፣ በሁለት የጦር አዛዦች መካከል ነው። ከአብዮቱ የሰፈር ኮሚቴዎች የወጡ ወጣቶች በዚያው በካርቱም በጋራ ማብሰያዎች ጎረቤቶቻቸውን መገቡ።