መድን የሌለው ባለ መኪና

(ድምፅ፦ ዝናም፤ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና)

ተራኪ፦ ከበደሌ ተነሥቶ በያዮና በሁሩሙ በኩል ወደ መቱ፣ ከመቱም ወደ ቀድሞዋ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ወደ ጎሬ የሚዘልቀው መንገድ፣ ግራ ቀኙን የቡና ደን ያጠረው፣ በክረምት ዝናምና ጉም የማይለየው፣ ኩርባውና ቍልቍለቱ የበዛ መንገድ ነው። ጆንያ የጫነው አይሱዙ፣ መንገደኛ ያጨቀው ሚኒባስ፣ በየከተማው መግቢያም ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ ከእግረኛውና ከከብቱ ጋር አንዱን አስፋልት ይሻማሉ።

ለነገሩ አብነት እንዲሆነን አንድ ባለ ንብረት በሐሳባችን እናቁም። ይህ ሰው የሁሩሙ ቡና አምራች ነው፤ የብዙ ዓመት የቡና ገንዘቡን ከዕቁብ ጋር ደምሮ አንድ አሮጌ አይሱዙ ገዝቷል። በባንክ ብድር ገዝቶት ቢሆን ኖሮ ባንኩ ሙሉ የመድን ሽፋን እንዲገባ ባስገደደው ነበር፤ በጥሬ ገንዘቡ ስለ ገዛው ግን የሚያስገድደው አላገኘም። የሦስተኛ ወገን መድኑም ጊዜ አልፎበታል፤ «ቦሎ ሳድስ አብሬ እገባለሁ» ብሎ አቆይቶታል። በአንድ ዝናማም ምሽት መኪናው መቱ መግቢያ ላይ ተንሸራቶ የልጆች አባት የሆነ መንገደኛ ገደለ፤ የአንድ ሱቅ ግንብም ናደ፤ ራሱም ገደል ገባ።

(ሙዚቃ፤ ከዚያ ጸጥታ)

ተራኪ፦ የወንጀሉ ክስ የሾፌሩ ነው። ባለ መኪናው ግን «እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ መሪውን የያዘው ሌላ ነው» ቢል ይህ ቃል ከዕዳ አያድነውም፤ በ1952 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2081፣ መኪናው በዚያች ሰዓት ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካላስረዳ በቀር መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋልና። ፍርዱ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ተዋጊነቱ የታወቀ በሬ፣ ባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል፣ ዕዳው ወደ ባለቤቱ እንደሚያልፍ በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። የዘመኑ ሕግ የጨመረው ነገር ቢኖር፣ ባለ መኪናው አስቀድሞ መነገር አለመነገሩን እንኳ ሳይጠይቅ ማስከፈሉ ነው።

ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ስለ ተባለ፣ የሟች ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ሟች በሕይወት ቢኖር ያገኙት የነበረውን መተዳደሪያ ይጠይቃሉ፤ ባለ ሱቁም የግንቡን ዋጋ ይጠይቃል። የሚያስደንቀው፣ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ በዚያው በ1952ቱ ሕግ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ መደረጉ ነው፤ ዛሬ ይህ ገንዘብ የሐዘኑን ድንኳን ኪራይ እንኳ አይችልም።

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ፣ መድን ሰጪው ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር እንዲከፍል ወስኖ ነበር። ከጣሪያው የተረፈውን መድን የገባውም ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ ያልገባው ግን ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ብቻውን ነው። መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው የሚደርሰው የመድን ፈንድም ለሞትና ለአካል ጉዳት ለተጎጂው ወገን ቢከፍልለት፣ የከፈለውን መልሶ የሚጠይቀው ይህንኑ ባለ መኪና ነው፤ ፈንዱ ለተጎጂው መጠጊያ እንጂ ለጥፋተኛው ምሕረት አይደለም። ባጃጅ ነጂዎችም ይህን ልብ በሉ፤ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ጥፋቱ በዋናው የአንደኛው መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ሕጉ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ በእያንዳንዱ ባለቤት ላይ ይጭናል፤ የተጋጫችሁት ከውድ መኪና ጋር ከሆነ ግማሹ ከባጃጃችሁ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

(ድምፅ፦ የሽማግሌዎች ንግግር፣ ከሩቅ)

ተራኪ፦ በኢሉባቦር ምድር ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የደም ካሣ የሆነው ጉማ ይከፈላል፤ ደምም ይደርቃል። ይህ ቅዱስ ልማድ ነው፤ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን ጉማው ራሱ በጥሬ ገንዘብ ወይም በከብት የሚከፈል ነውና፣ ገደል የገባ መኪናውን የሚተካለት የሌለው የሁሩሙው ሰው፣ ቡናውን ገና በአበባው ሳለ በርካሽ ይሸጣል፤ ከብቱን ይነዳል፤ ቀጥሎም መሬቱን ያከራያል። በእኔ ፍርድ ይህን ሰው ያደኸየው አደጋው አይደለም፤ ያደኸየው የአንድ ዓመት ዐረቦን ቆጥቦ አተረፍሁ ማለቱ ነው።

የሟች ወገን የሆናችሁ አድማጮች ሆይ፣ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ግልባጭ ያዙ፤ በሽማግሌ የተቀበላችሁትንም በጽሑፍ አስፍሩ። ነገሩ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል የመነጨ ካልሆነ በቀር፣ የካሣ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።